አቤት ያለችው ልጅ

እንጅባራ
ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ባንተአምላክ፣

ስልክ ከተቋረጠ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ስለዚህ በወረቀት እጽፍልሃለሁ። ከሰል ጭኖ አንተ ወዳለህበት ወደ አዳማ የሚወርድ ሹፌር አግኝቻለሁ። መንገድ ካልተዘጋበት በአራት በአምስት ቀን ያደርስልሃል። አስቀድመህ ማወቅ ያለብህን ልጻፍ፣ ሌላው ይከተላል። ምሕረት ደህና ናት። ሁለቱም ልጆችህ በሕይወት አሉ። ትንሹ ይጠባል፣ ትልቋ ትበላለች።

ቀጥሎ ያለው የሚያስቆጣህ ነው። ልጁ እንደተወለደ በስልክ ለምሕረት ያዘዝካትን ሁሉ አፍርሻለሁ። ልጠይቅህ ብፈልግ ስልክ አልነበረም፤ ስልክ ቢኖርም አልጠይቅህም ነበር። ለምን እንዳፈረስኩት እስከ መጨረሻው አንብብና ከዚያ ተቆጣ።

እኔን ታውቀኛለህ። የቆመ የዲከረንስ ዛፍ ማሳ አይቼ ስንት ጆንያ ከሰል እንደሚወጣው የምናገር ሴት ነኝ። ሰው ሲታመም መጀመሪያ ሐኪም ጋ ነው የምልከው፤ ጠበሉ ከሐኪሙ በኋላ ይደርሳል እላለሁ። ንግድ ከጀመርኩ ጀምሮ ደብተር የምይዘውም ሰው ካየው ይልቅ ያየ የመሰለውን ስለሚያስታውስ ነው። ከዚህ በታች የምነግርህን አብዛኛውን በዕለቱ ጽፌዋለሁ። የልጅነታችንን ብቻ ነው በቃሌ የምነግርህ፤ እሱንም ቢሆን የረሳሁት የለም።

የስማችንን ነገር አንተ እንደ ቀልድ ነው የምታውቀው። በየዓመት በዓሉ ይነገር ነበርና። ከእኔ በኋላ የተወለዱት ሁለት ወንዶች ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ። ሰው ሾተላይ ነው አለ። እኔ ዘግይቼ ነርስ ስጠይቅ የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት ነው አለችኝ፤ ያኔ ግን ባደግንበት መንደር በጥርባ እንዲህ ብሎ የሚነግረን አልነበረም። አንተ ስትወለድ እናታችን ጆሮህን በስታ፣ ስሜን ከእኔ ወስዳ ለአንተ ሰጠችህ። አምስት ዓመት ሙሉ አምሳለ አንተ ነበርክ። ቀሚስ ለብሰህ፣ ጸጉርህን ተሠርተህ አደግህ። የአንተ ስም ደግሞ ለእኔ ተሰጠ። ጸጉሬን ተላጭቼ፣ ቁምጣ ለብሼ፣ ባንተአምላክ፣ በቁልምጫ ባንቴ ተባልኩ። አጎቶቻችን በበዓል ጠላ ሲቀማምሱ "ባንቴ ሚስት ስታገቢ ጥሪን እንጂ!" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አንተም ትስቅ ነበር።

ቀልዱ እዚህ ላይ ያልቃል። የቀረውን የምናውቀው እኔና እናታችን ነበርን።

እናታችን ነገሩን አስባበት ነበር። ሁለቱን ወንዶች መጥቶ የወሰደባት ያ ነገር ወንድ ነው የሚፈልገው፤ ወንድ መወለዱን ሰምቷል። ወንድ የሚባል ቤቱ ውስጥ ከሌለ ጥጋ ጥጉን መፈለጉ አይቀርም። ስለዚህ የወንድ ስም የተሸከመ አንድ ልጅ ከፊት፣ ደጁ ላይ መኖር ነበረበት። አንተ የምትተኛው ከውስጥ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቀህ ነበር። የእኔ መደብ ከበሩ አጠገብ ነበር። አንተን "ከውጭ ሲጠሩሽ ወይ እንዳትይ" እያለች አስተማረችህ። እኔን ግን አስቀምጣ፣ ሁለቱን ጉልበቶቼን ይዛ፣ አስቀድማ በአዊኛ፣ ቀጥላ በአማርኛ እንዲህ አለችኝ፦

"ማንም ይጥራህ ማን፣ ባንቴ ካለህ ቶሎ አቤት በል። እዚህ ነኝ በል። እሺ?"

"እሺ።"

"አንድ ጊዜ ቢሆንም።"

"እሺ እማዬ።"

ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ክረምት ነው። በዘንገና ሐይቅ በኩል የሚመጣውን ጉም ታውቀዋለህ፤ እኩለ ቀን ላይ የራስህን እጅ ይሰርቅሃል። እናታችን ገበያ ለመሄድ ከወጣች ብዙም አልቆየችም። አንተ ከውስጥ ተኝተሃል። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ገብስ እየፈተግሁ ነበር። ከማሳው ዳር "ባንቴ" ተባልኩ። የእናታችን ድምፅ ነበር። የረሳችው ነገር ኖሮ የተመለሰች መሰለኝ።

"አቤት! እዚህ ነኝ!"

የእግር ኮቴ አልሰማሁም። ሣሩ ላይ የነበረው ውኃ ሲራገፍ ብቻ ሰማሁ፤ ከብት ሲያልፍበት እንደሚራገፈው። ከዚያ አንድ እጅ በተላጨው ራሴ ላይ ዐረፈ። ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ቀና ብዬ ብመለከት ጉም ነው። እጁ ከራሴ ወደ ጆሮዬ ወረደና ጫፉን በሁለት ጣት ይዞ ቀስ ብሎ አሸው። ሰው ጨርቅ ሲገዛ እንደሚያሸው። በሕፃንነቴ፣ ስሜ ገና የእኔ ሳለ፣ ጆሮዬ ተበስቶ ነበር፤ ቀዳዳው ተደፍኖ ትንሽ ጉብታ ብቻ ቀርታለች። እሷ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሌላኛውን ጆሮዬንም ዳሰሰ። እዚያም አገኘው።

ከዚያ ተወኝ።

ማታ እናታችን ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት። አቅፋ ታባብለኛለች ብዬ ነበር። ልብሷን ሳታወልቅ፣ በቆመችበት፣

"ወደ ቤት ገባ?" አለችኝ።

"አልገባም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ተመለሰ እማዬ። ጆሮዬን ነክቶኝ ሄደ።"

"ጎሽ" አለች።

ከገበያ አንድ ሸንኮራ አምጥታ ነበር። ሌላ ጊዜ ለአንተ ትልቁን፣ ለእኔ ቁራጩን ነበር የምትሰጠን። ያን ቀን ሙሉውን አገዳ ለእኔ ሰጠችኝ። አንተ አለቀስክ፣ እሷ ግን አልሰማችህም። በሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሁሉንም በላሁት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም፤ ይህን ስጽፍልህ ራሴን እየታዘብኩ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማንም አውርቼው አላውቅም። የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። አፈርኩ። እጁ ዳስሶኝ፣ ምን እንደሆንኩ ዐውቆ፣ እንደማይረባ ዕቃ መልሶ አስቀመጠኝ። የሚገድለው እንኳ ወንድ እየመረጠ ነው ብዬ አመንኩ። በስምንት ዓመቴ ባለመሞቴ አፈርኩ፣ ባንቴ።

አምስት ዓመት ሲሞላህ ስማችን ተመለሰ። እናታችን ዳቦ ጋግራ ጎረቤት ጠራች፤ አንተ ቁምጣ ለበስክ፣ እኔ በዐሥር ዓመቴ ቀሚስ ለበስኩ። ትምህርት ቤት ስመዘገብ መምህሩ "ስምሽ ማን ነው?" ሲለኝ መልሱን ፍለጋ ወደ እናቴ ዞሬ ነበር። ስሙ ለአንተ እንደተመለሰ ሰው ሁሉ ሰማ፤ የሚጠራው ብቻ አልሰማም።

ከዚያ በኋላ ያለው ደብተሬ ላይ አለ። ጥሊሊ ገበያ ድንች ስገዛ፣ ሸሪኬ ሚዛን ልታመጣ እንደሄደች፣ በእሷ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ "ባንቴ"። አዘና መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶብን፣ ሹፌሩ ከጎኔ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ሳለ፣ በሹፌሩ ድምፅ ከመንገዱ ማዶ "ባንቴ"። ሁልጊዜ በጉም ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል። ድምፁ ወይ ዐይንህ ሥር የሌለ፣ ወይ አንቀላፍቶ አጠገብህ ያለ ሰው ድምፅ ነው። እኔም ሁልጊዜ አቤት እላለሁ፤ አፌ ከእኔ ይቀድማል። አቤት ካልኩ በኋላ ምንም አይመጣም። ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ እንደሚሄድ ገበያተኛ ዝም ብሎ ያልፋል። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄጄ መረመረኝ። "ጆሮሽ ከእኔ ይሻላል" አለኝ። ከፍዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እንደ ክረምቱ ብርድ ቆጠርኩት፤ ይመጣል፣ ጋቢ ትደርባለህ፣ ሥራህን ትሠራለህ። ሠላሳ ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

አሁን ወደ ልጆችህ ልምጣ።

ሰኔ 21 ቀን ምሕረት ወንድ ወለደች። በማግስቱ ከሆስፒታል ይዘናት ስንመጣ ጎረቤታችን እትዬ ሙሉነሽ በሩ ላይ ቆማ እልል ማለት ጀመረች። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት መሆኑን ታውቃለህ። ሦስተኛው ላይ ምሕረት እጇን አነሣች።

"ይበቃል እትዬ ሙሉነሽ።"

"ምን ይበቃል? ገና መጀመሬ ነው!"

"ሴት ናት።"

እትዬ ሙሉነሽ አፏን እንደከፈተች ቀረች። የልጁን ዳይፐር በእጇ የቀየረችው እሷ ነበረች። ወደ እኔ ተመለከተች፣ እኔ ወደ መሬት። "እንግዲህ ሴት ከሆነች ሴት ናት" አለችና አራተኛውን ዋጠችው። ግቢው እንዴት ዝም እንዳለ ልነግርህ አልችልም። ልጅ የተወለደበት ቤት አይመስልም ነበር።

ማታ ምሕረት አንተ ያልካትን ነገረችኝ። ልጁ ናርዶስ ይባል። ናርዶስ፣ ስድስት ዓመት የኖረችበትን ስም ትታ፣ ለልጁ ያሰብከውን ስም፣ አስማረን፣ ትያዝ። ጸጉሯ ይላጭ፣ የጆሮ ጌጧ ይውጣ። ክርስትናውም እንደ ሴት በሰማንያ ቀን ይሁን። ደግሞም "ከውጭ ስትጠራ ቶሎ አቤት እንድትል አስተምሪያት" ብለሃታል። ይህችን ከማን እንደሰማሃት አውቃለሁ። እናታችን ከመሞቷ በፊት አንተን ብቻ አስገብታ በሩን የዘጋችበት ቀን ትዝ ይለኛል።

አልፈርድብህም። ከዚህ በፊት የተወለደውን ወንድ ልጅህን በዘጠነኛ ቀኑ ቀብረሃል። ፍርሃትህን አየዋለሁ። ሰው ሲፈራ ቤቱ ውስጥ ያለውን ያነሣል፣ አንተም የእናታችንን ብልሃት አነሣህ። ስም ስናወጣ ደግሞ ከድሮም እንዲህ ነን፤ ለወንዱ የምንመኘውን፣ ለሴቷ የመረረንን ነው የምናወጣው። አራተኛ ሴት ሲወለድበት "ይብቃ" ብሎ የሰየመ አባት አውቃለሁ። ልጅቱ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፣ ከእኔ ድንች እየገዛች ትቸረችራለች። ስሟን ስትናገር ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

የምናዘዝልህ ግን የእኔን ጥፋት ነው። በዚያች ሌሊት "ተዪ" ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ቤታቸው ነው፣ ልጃቸው ነው አልኩ። በማግስቱ ምሕረት እያለቀሰች የናርዶስን ጸጉር ስትላጭ ሳህኑን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ናርዶስ አላለቀሰችም። "አክስቴ፣ አሁን ወንድ ሆንኩ?" አለችኝ። "ለትንሽ ጊዜ" አልኳት። እናታችን ለእኔ ያለችኝም ይህንኑ ነበር።

ከዚያ ደብተሬ ላይ የሚከተለው አለ። ሐምሌ 3፦ ጉም፣ አልተጠራሁም። ሐምሌ 7፦ ቀኑን ሙሉ ጉም፣ አልተጠራሁም። ሐምሌ 12፦ አልተጠራሁም። በክረምት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከትከሻዬ ላይ አንድ ኩንታል የወረደ ያህል ተሰማኝ። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ሸክሙ ከእኔ ከወረደ የት እንደወረደ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ነጋዴ ነኝ፣ ዕቃ ከአንድ ትከሻ ሲወርድ ወደ ሌላ እንደሚወጣ አውቃለሁ። አልጠየቅኩም። ማወቅ ስላልፈለግሁ አልጠየቅኩም፣ ወንድሜ። ይህን ከእኔ እንጂ ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈልግም።

ሐምሌ 22 ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ። ምሕረት ከውስጥ ልጁን እያጠባች ነው፤ በመስኮት ይታየኛል። እኔ ጓሮ የእርጥብ ከሰል ጆንያ ከበረንዳ ወደ መጋዘን አዞራለሁ። ናርዶስ ግቢው መካከል በጠርሙስ ክዳን ትጫወታለች። ጉሙ ከመንገዱ ጀምሮ አጥሩን ውጦታል። ከቆርቆሮው በር ውጭ፣ በምሕረት ድምፅ፣

"አስማረ!"

በመስኮቱ ተመለከትኩ። የምሕረት አፍ አልተንቀሳቀሰም። ቀና እንኳ አላለችም።

"አቤት!" አለች ናርዶስ፣ ደስ ብሏት። ተነሥታ ሮጠች።

ጆንያውን ጥዬ ወደ ፊት ስዞር በሩ ወለል ብሎ ነበር። ልጅህ ከደፉ ወጥታ ሁለት እርምጃ ያህል ሄዳለች። ቀኝ እጇ ወደ ላይ ተነሥቷል፤ ጣቶቿ ተጨብጠዋል። ልጅ የትልቅ ሰው እጅ ይዞ ሲሄድ እንደሚሆነው ነበር። ከእጇ በላይ ያለው ጉም ብቻ ነው። የምትሄደውም በራሷ እርምጃ አልነበረም፤ ረዘም ካለ ሰው ጋር እኩል ለመሆን ትንሽ ትንሽ እየዘለለች ነበር።

"ናርዶስ!" ብዬ ጮህኩ።

አልዞረችም።

"ናርዶስ! ነይ ወዲህ!"

አልዞረችም። ወር ያህል ናርዶስ ሲባል የሚዞረው ያኛው፣ ጡት የሚጠባው ነበር። በአስማረ ብጠራት እንደምትዞር አውቄያለሁ፤ ግን በዚያ ስም ብጠራት እኔም ከበሩ ውጭ ካለው ጋር እንደተስማማሁ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ሮጬ በወገቧ አቀፍኳት። ለአንድ አፍታ አልመጣ አለችኝ። ክብደቷ ያንተን ያህል ሆነብኝ። የኋላ ኋላ ተለቀቀችና ሁለታችንም ጭቃ ላይ ወደቅን።

"ማን ጠራሽ?" አልኳት፣ በሩን በጀርባዬ ዘግቼ።

"እማዬ።"

"ምን አለችሽ?"

"ምንም። ጆሮዬን ነካካችኝ።" ጣቷን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አሸችው፣ በሁለት ጣት፣ ቀስ ብላ፤ ልክ እንደዚያ። "ጌጥሽስ የት አለ አለችኝ። እማዬ አውጥታው የለ እንዴ፣ እንዴት ትረሳለች?"

ከእናታችን በቀር ለማንም ያልነገርኩትን ነገር የስድስት ዓመት ልጅ በጣቷ አሳየችኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ምናልባት ሕልም ይሆናል እያልኩ አንድ በር ክፍት ትቼ ነበር፤ ያን ጊዜ ተዘጋ። ሌላም ነገር ገባኝ። እኔን ዳስሶ ሲተወኝ የናቀኝ መስሎኝ ኖሬያለሁ። እንግዲህ አልተወኝም ነበር፤ እየተመላለሰ ነበር። ሴት መሆኗን ዐውቆም ናርዶስን በእጇ ይዟት ይሄድ ነበር። ወንድ ብቻ ነው የሚፈልገው ያልነው እኛ ነን። እሱ የሚወስደው በር ላይ የተቀመጠለትን ነው።

ገብቼ ለምሕረት ነገርኳት። ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ሰማችኝ። ከዚያ፣

"እታለም፣ ባንቴ ቢሰማ ይገድለኛል" አለች።

"ባንቴን ለእኔ ተይው።"

"ልጁ ቢሞትስ? አንቺ ልጅ ቀብረሽ አታውቂም። እኔ ቀብሬአለሁ። ዘጠኝ ቀን ነው የያዝኩት፤ ሽታው እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ። አንቺ ከሰልሽን ሸጠሽ ትገቢያለሽ።"

እውነቷን ነው። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። 

"ሴቷስ ብትሞት?" አልኳት።

 ናርዶስ እኛ መካከል ቆማ እናቷን እያየች ነበር፤ መልሱን ትጠብቃለች። ያን አጠባበቅ አውቀዋለሁ። ምሕረትም ያየችው መሰለኝ፤ ፊቷን ወደ ልጅቷ አዙራ ማልቀስ ጀመረች፣ ልጁንም ለእኔ አቀበለችኝ። መርፌ በእሳት አቃጥላ ጌጡን ራሷ መለሰችላት። አንደኛው ጆሮዋ ሊደፈን ምንም አልቀረውም፣ ትንሽ ደም ወጣው። ናርዶስ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ሲላጯት ያላለቀሰችውን ጭምር።

ሐምሌ 30 ልጁ አርባ ቀን ሞላው። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ይዘነው ሄድን። የነፍስ አባታችሁ ቄስ እንግዳው ሲያዩን ግራ ገባቸው።

"የእናንተ ሴት ናት ብላችሁኝ ለሰማንያ አልነበር የቀጠርኳችሁ?"

"ዋሽተናል አባ" አልኳቸው። "ይቅር ይበሉን።"

"ማንን ነው የዋሻችሁት? እኔን?"

"እርስዎንም ጭምር።"

ምሕረትን ተመለከቱ፣ ልጁን ገልጠው አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ወይ አምሳለ! በእግዚአብሔር ፊት እንኳ ሚዛን ታጋድያለሽ?" አሉኝ። የሳቁ መሰለኝ። ከዚያ ግን ድምፃቸውን ቀንሰው "እናታችሁም ወንድምሽን ይዛ ስትመጣ እንዲህ ዋሽታኝ ነበር። ወጣት ቄስ ነበርኩ። አንቺን ጸጉርሽን ተላጭተሽ ደጅ ቆመሽ አየሁሽ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም" አሉኝ።  

ልጁ ተጠመቀ። ስንወጣ በቅጽሩ መካከል፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት፣ ምሕረት ጮክ ብላ በስሙ ጠራችው፦ አስማረ። ናርዶስንም በስሟ ጠራቻት። ናርዶስ ወዲያው ዞረች። የቤቱ የስም ነገር እንዲህ ተፈጸመ።

ልጁ አይሞትም ብዬ አልጽፍልህም። ሐኪሟ አይታዋለች፣ ክብደቱ ጥሩ ነው፣ በየሳምንቱ አስመዝነዋለሁ፤ ለዚህ ለዚህ መላ አለኝ። ሌላውን እኔም አላውቅም። ነገር ግን ይህ ልጅ የሚኖር ከሆነ እህቱን ደጅ አስቀምጦ አይኖርም። አንተ እንደዚያ ኖረሃል፤ ጥፋቱ የአንተ አልነበረም፣ ሕፃን ነበርክ። አሁን ግን ሕፃን አይደለህም።

የመጨረሻውን ጽፌ ልዝጋ፤ ሹፌሩ እየጠበቀ ነው። ከትናንት በስቲያ፣ ነሐሴ 6፣ ጉሙ ተመልሶ ወረደ። ናርዶስ እግሬ ሥር ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ከበሩ ውጭ ተጠራች። በራሷ ስም ነበር፣ "ናርዶስዬ" ተብላ፤ የተጠራችውም በአንተ ድምፅ ነበር። ከሥራ ስትመለስ እንደምትጠራት፣ መጨረሻውን ሳብ አድርገህ። ምሕረት ከአልጋዋ ብድግ አለች፤ የመጣህ መስሏት። እኔም ለአንድ ትንፋሽ ያህል አመንኩ። ናርዶስ ግን ቢላዋን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ። ዐይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፣ ናፍቀኻታልና። አቤት አላለችም። ተቀምጠን ጠበቅን። ሁለተኛ አልተጠራችም።

ስለዚህ ስትመጣ ይህን አደራ እልሃለሁ። መኪናው መንገድ ላይ ጥሎህ ቢሄድ፣ ዝናብ ቢደበድብህ፣ ቢመሽብህም ቢነጋብህም፣ ከውጭ ቆመህ አትጥራን። ልጆቹን አስተምሬአለሁ፣ ምሕረትንም አስምዬአታለሁ፤ ፊቱን ላላየነው ሰው ወይ አንልም፤ ብትለምነን አንከፍትልህም፣ ብታለቅስም አንሰማህም። የቆርቆሮውን በር ግፋው፤ አይቆለፍም። ዝም ብለህ ግባ። ግቢው መካከል፣ ብርሃኑ የሚያርፍበት ቦታ ድረስ መጥተህ ቁም። እኛ አይተንህ፣ በስምህ እስክንጠራህ ድረስ አንተም አትናገር።

ናፍቀኸናል። ቶሎ ና።

እህትህ አምሳለ